በሽታው የሰውዬው ነው

ጋምቤላ የጤና ረዳቶች አስተማሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የመርፌ ክፍሉ ድሬሰር ደጃፍ ላይ ቆሞ «ጨብጥ ያለብህ፣ ግባ!» ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። የተጠራው ሰውዬ አልገባም፤ ጨብጡን ይዞ ወደ ባሮ ወንዝ ወረደ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ትምህርቴ ስለ መርፌ መሆኑ ቀርቶ ስለ አፍ ሆነ። ከአንሶላ መጋረጃ ሰፍተን በሩ ላይ ሰቀልን። «ከዚህ ጀርባ የሰማችሁት እዚሁ ይቀራል» አልኳቸው ተማሪዎቼን።

ኡመድ የሚባል የአኙዋ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አለቃ ከጠየቀስ?»

«አለቃም ቢሆን።» ለእኔ መናገሩ ቀላል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረብን። አንድ ቅዳሜ የፖለቲካ ኃላፊው መጣ። አንድ ጨርቅ ነጋዴ «ታምሜአለሁ» ብሎ ከሰልፍ ቀርቷል፤ ያከመው ኡመድ ነው።

«ጓድ ኡመድ፣ ነጋዴው ምኑን ነው ያመመው?»

«ታሟል። ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«በሽታውን ነው የጠየቅኩህ!»

«በሽታው የሰውዬው ነው። እሱን ጠይቁ።»

ከኋላ አንዷ ተማሪ ሳቋን አፈነች።

«አብዮቱ ምስጢር የለውም!»

«አብዮቱ የለውም። ሰውዬው አለው።»

ያኔ ማንም አልሳቀም።

ሰኞ ኃላፊው አስጠራኝ። «ለዚያ ጥጋበኛ በሙያ ሥነ ምግባር ስንት ሰጠኸው?»

«ሙሉ።»

«ጓድ መምህር፣ ሰርዝ።»

«ልጁ ያስተማርኩትን ነው የሠራው። አልሰርዝም።»

ሳቀብኝ። የእኔን ማርክ መንካት እንኳ አላስፈለገውም። ከጎኑ «የፖለቲካ ንቃት» የሚል ዓምድ ነበር፤ ቁስል አጥቦ በማያውቅ እጁ እዚያ ዜሮ ጻፈ። ከክፍሉ አንደኛ የነበረው ልጅ ከምረቃ ቀረ። አቤት ብዬ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። ሁሉም ስለ ሥነ ምግባር አስፈላጊነት አብራርተው መለሱኝ።

በምረቃው ቀን ተማሪዎቹ ነጭ ጋወን ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው «የታካሚዬን ምስጢር እጠብቃለሁ» ሲሉ ማሉ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ኃላፊ ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ።

ኡመድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። አጠገቡ ነጋዴው ነበር። ከሱቁ ነጭ አቡጀዲ ቀዶ ጋወን አሰፍቶለታል፤ ልጁ እንደታጠፈ በክንዱ ይዞታል እንጂ አልለበሰውም።

ከዚያ ወዲህ ያንን መሐላ ለምረቃ አላቆየሁትም። በመጀመሪያው ቀን አስተምረዋለሁ። ምስጢር መጠበቅ የሚፈተነው ጠያቂው ሊጎዳችሁ የሚችል ሲሆን ነው እላቸዋለሁ።