እንግዳ የሌለበት ቤት

እህቴን ሰው ሁሉ እታለም ይላታል። እኔ ታናሽዋ ስለሆንኩ ደንብ ነው፤ ግን የሸበቱ መምህራንና ሐኪሞች ሳይቀሩ በመጡ ማግስት እታለም ማለት ይጀምራሉ። ቤቷ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ሐይቅ ዳር ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውሃው ተነስቶ እስከ ደረጃው ድረስ ይመጣል፤ መስኮት የከፈተ ሰው ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደጀመረ ለማወቅ ትንሽ ቆም ማለት አለበት። እኔ ራሴ ከስንት ዓመት በኋላም እዚያ መስኮት ላይ ፈዝዤ ወጥ ያረረብኝ ጊዜ አለ።

ባሏ ሲሞት ያን ሁሉ ክፍል ትቶላት ሄደ። ብቻዋን ከክፍል ክፍል ስትዞር፣ ማንም ያልተኛበትን አልጋ ስታነጥፍ ከረመች። አንድ ጊዜ የመምህራን ቡድን ጥቂት ቀን በጽሞና የሚቀመጥበት ቦታ አጥቶ መጣ። ዝም ብለው በሉ፣ ዝም ብለው በውሃው ዳር ተራመዱ፣ ከፍለው ሄዱ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሌሎችም መጡ፤ ቤቱ ቀስ በቀስ የጽሞና ቤት ሆነ። የሚገርመው የቤቱ ባለቤት እታለም ራሷ ዝም ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እንግዶቹ በምልክት ሲነጋገሩ እሷ ከጓዳ ሆና ከድስቱ ጋር ታወራለች።

አንድ ሕግ ግን ነበራት። ገና ሻንጣ ሳይወርድ፣ “እዚህ ቤት እንግዳ የለም” ትልና ለሁሉም ሥራ ታከፋፍላለች። አንዱ ደረጃ ይጠርጋል፣ አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሌላው እንጨት ያስገባል። ከፍሎ መጥቶ ሳህን የሚያጥብ ሰው ሳይ መጀመሪያ ላይ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። ኋላ ሳጤነው ግን ሰዎቹ በየዓመቱ የሚመለሱት ያቺኑ ሳህን ብለው ነው። ሲሄዱ የትኛውን ሥራ ለመጪው ዓመት እንደሚፈልጉ ይነግሯታል።

ከሁሉም የማይቀረው ሰዓት ሠሪው ነበር። ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ በጠባብ ሱቅ ውስጥ በሰው ሰዓት ላይ ሲያቀረቅር የሚውል ቀጭን ሽማግሌ ነው። የእሱ ድርሻ የፎቁን መስኮቶች ጠዋት መክፈት፣ ሲመሻሽ መዝጋት ነው። በዝግታ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲሄድ ከታች ሆኜ አየዋለሁ፤ ቤቱን የሚያስተኛው እሱ ይመስለኝ ነበር። እታለም “ወንድምዓለም” ትለዋለች። የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ስትለው ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ።

ኢንሹራንስ ግቢ ብዬ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ። “ጀልባው ቢገለበጥስ? ምድጃው እሳት ቢያስነሳብሽስ? ሰው ቢወድቅስ?” ስላት “ክፉ አታሟርቺ” ትለኛለች። በመጨረሻ እኔን ለመገላገል ብላ እሺ አለች። ወኪሏ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ውሃው ዳር ሳይቀር የምትመለከት ትጉህ ሴት፣ ሁሉንም አስረዳችን። ተራ የመኖሪያ ቤት ዋስትና ከፍለው የሚያድሩ ሰዎችን አይሸፍንም። ለጀልባው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያስፈልጋል። የበሰበሰ እንጨት ካለ ይቀየር። ከዚያ ድምጿን ዝግ አድርጋ፣ “ይህ ውል እንግዶችን ነው የሚሸፍነው። የቤተሰብ አባልና ተቀጣሪ ሠራተኛ እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ለእነሱ ሌላ ውል አለ” አለች። እኔ ልብ አልኩ። እታለም ግን ጉሙን እያየች “እሺ የኔ ልጅ” አለች፤ አንድም ነገር ጆሮዋ እንዳልገባ ከአነጋገሯ ያስታውቃል።

የጀልባ መሳፈሪያውን ሳንቃና ደረጃውን አስቀየርን። የፎቁ በረንዳ መደገፊያ አዲስ ቀለም ስለተቀባ ደህና መስሎን አለፍነው። እርጥበቱ ከቀለሙ በታች ሲበላው የኖረውን እንጨት ማን አየ?

አንድ ቀን ሊመሽ ጥቂት ሲቀረው እንግዶቹ ውሃው ዳር ተቀምጠው ነበር። ሰዓት ሠሪው የመጨረሻውን መስኮት ሊዘጋ በረንዳው ላይ ወጣ፣ መደገፊያውን ተደገፈ፣ እንጨቱም አብሮት ወደ ታች መጣ። ሰውየው ሣሩ ላይ ተኝቶ ሰማዩን ያያል፣ እኛም ቆመን እናየዋለን። የጮኸችው እታለም ናት።

ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ዳግም እንደማይራመድ ነገረን። ወጪው ከእኛም ከእሱም አቅም በላይ ነበር።

ከኢንሹራንሱ የጉዳት መርማሪ መጣ፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ በረንዳውን ሲለካ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ወጥ ቤት ተቀመጥን።

“ተጎጂው የእርስዎ ምን ናቸው?”

“ወንድሜ” አለች እታለም።

“የእናት ልጅ?”

“ከእናት ልጅ ይበልጣል።”

“ፎቅ ላይ ምን ሊያደርጉ ወጡ?”

“ሥራውን ሊሠራ ነዋ። በዚህ ቤት ሁሉም ድርሻ አለው።”

በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥኳት፤ ምን ሆንሽ በሚል ዓይን አየችኝ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እናቴ፣ ቤተሰብ ከሆኑ ውሉ አይሸፍናቸውም። ተቀጣሪ ከሆኑም አይሸፍናቸውም። ከፍለው የመጡ እንግዳ ከሆኑ ግን ሕክምናው በእኛ ነው። እኔ ውሸት አልፈልግም፤ ትክክለኛውን ነው የምፈልገው። ነገ ሆስፒታል እርሳቸው ባሉበት እጠይቅዎታለሁ” አለና ሄደ።

ከዚያ ተጣላን። “ደሞዝ ሰጥተሽዋል? እንደ ሰው ሁሉ ከፍሎ አይደል የገባው? እውነቱን ተናገሪ ነው የተባልሽው!” አልኳት።

“አፌን ሞልቼ ወንድሜ ያልኩትን ሰው ፊቱ ቆሜ ባዕድ ነው ልበል? ቤቱን ሸጬ አሳክመዋለሁ።”

“ከዚያ ሲድን የት ይምጣ?”

የቀረውን ቀን ክፍሎቹን ስትዞር ዋለች። በጉም ውስጥ የምትሄድ ያህል እጇን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች፣ ሰው ያልነካውን አልጋ እንደገና እያነጠፈች። ያኔ አሳዘነችኝ። መበለት ከሆነች በኋላ ያ ሕግ ሰዎቹን ብቻ አይደለም፣ እሷንም ያኖራት ነበርና።

በማግስቱ ሆስፒታል መርማሪው ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ጠየቃት። ሰዓት ሠሪው ዓይን ዓይኗን ያያል። ትንሽ እንዲያግዛት ፈልጋ ይሁን ይቅር እንዲላት አላውቅም፣ አተኩራ አየችው።

“ከፍሎ የመጣ እንግዳ ነው” አለች። “ዘመድ አይደለንም።”

“እርስዎስ?” አለው መርማሪው።

“ልክ ነው። እንግዳ ነኝ” አለ ሽማግሌው። “ቤተሰብ የለኝም።”

ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። መርማሪው አመስግኖ፣ ለሆስፒታሉ የክፍያ ማረጋገጫውን ሰጥቶ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ ነርሷ አልጋውን እየገፋች ከክፍሉ አወጣችው። የመተላለፊያው ጫፍ ላይ የቀዶ ጥገናው ክፍል ነጭ በር አለ። “ከቤተሰብ አንድ ሰው ገብቶ ማደንዘዣው እስኪይዘው አብሮት መሆን ይችላል” አለች። “ማነው የሚገባው?”

እታለም አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች።

“ሰውየው ሄዷል። ግቢ” አልኳት በሹክሹክታ። “ማን ያይሻል?”

“ዘመድ አይደለንም ብዬ ተናግሬያለሁ” አለች።

ነርሷ ቸኩላለች። “እናት፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?”

“ሲመጣ የሚያርፍበት ቤት ባለቤት ነኝ።”

“እንግዲያውስ እዚሁ ይጠብቁ።”

ሰዓት ሠሪው አንገቱን አዙሮ አያት፤ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ሊያወጣ ሲሞክር አልጋው አለፈ። በሩ ሲዘጋ እታለም አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ እኔም ጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ።