አቶ ይባላል

ታላቅ ወንድማችንን ጋሼ እንላቸው ነበር። ለጋዜጣ ስለ ሳይንስ፣ ለልጆች ደግሞ የጀብዱ ልብወለድ ይጽፉ ነበር። አስኮ ባለው ቤታችን «ይባላል» ብሎ ማውራት ግን አይቻልም ነበር።

«በቡራዩ መንገድ ጅብ ወጣ ይባላል» ካልኩ፣ በረንዳው ላይ ካለው ወንበራቸው ሳይነሱ፣ «አቶ ይባላልን አላውቃቸውም። ማን አየ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ተናደድኩና፣ «በእርስዎ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ልጆችስ ‹ዋሻ አለ ይባላል› ሲሏቸው አይደል እንዴ መንገድ የሚጀምሩት?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ሄደው ሊያዩ ነዋ! አንቺ ቁጭ ብለሽ ነው የምታወሪው።»

በለቅሷቸው ድንኳን ውስጥ አንዲት ጎረቤት፣ «መጨረሻ ላይ በጣም ተሰቃይተዋል ይባላል» ስትል ሰማሁ። በሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ያን ዕለት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አቶ ይባላል እዚያ አልነበሩም፤ እኔ ነበርኩ» አልኳት። «ትራሳቸውን ከፍ አድርጌ ሻይ ሰጠኋቸው። ‹ስኳር አበዛሽ› አሉኝ፤ ጠጥተው ጋደም አሉ። እዚያው፣ በእንቅልፍ ልባቸው አረፉ። አይቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለ አሟሟታቸው ሌላ ወሬ አልሰማሁም።

የበረንዳው ወንበር ባዶ ነው። እሱንም በየቀኑ አየዋለሁ።