የምፅዋው ኪራይ ቤት

ልጄ ከሳቫና ከተማ አጠገብ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ቤት ተከራይታ ከአትላንታ ይዛኝ መጣች። ምግቡን ተከራዩ ራሱ የሚያበስልበት ቤት ነው። የኩሽናውን ቁም ሳጥን ስከፍተው የጨውና የእርጥብ እንጨት ሽታ ወጣና ምፅዋ ወሰደኝ።

አክስቴ ዘይነባ «ባሕር ላሳያት» ብለው እናቴን አስፈቅደው ከደሴ ሲወስዱኝ ልጅ ነበርኩ። ወደቡ አጠገብ የተከራዩት ቤት ምድጃ እንጂ ምግብ የሚሠራ ሰው አልነበረውም። በየጠዋቱ አንድ ቅርጫት ዓሣ ፊቴ ይቀመጣል። ከግቢው ግንብ ማዶ የመርከብ ጡሩምባ እየሰማሁ ቅርፊት እፍቃለሁ።

«እኔስ መቼ ነው የማየው?» ስል፣ «የኔ ዓለም፣ ባሕሩ የትም አይሄድም፤ ዓሣው ግን ይበላሻል» ይሉኛል።

ባላቸው በረንዳ ላይ ለእንግዶቻቸው፣ «ሠራተኛ ከመቅጠር የዘመድ ልጅ ማምጣት ይሻላል» ሲሉ ሰምቼ፣ ያመሰገኑኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ምፅዋ በጨለማ እንደገባን በጨለማ ወጣን።

«እማዬ፣ ኪችኑን ተዪው፤ ምግብ ኦርደር እናደርጋለን» አለችኝ ልጄ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ እንደቆምኩ።

አክስቴ ዛሬም አትላንታ አጠገብ ሳንዲ ስፕሪንግስ ተቀምጠው ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ባሕር ያሳየኋት እኔ ነኝ» ይላሉ። ሰው ፊት አላዋረድኳቸውም። እዚህ ግን ልጻፈው፤ እኔ ምፅዋ ያየሁት ዓሣ ብቻ ነው።