ሰውአገኝ ልጁን በደረቱ ያሞቀበት ክረምት

ላሊበላ ውስጥ ሰውአገኝን የማያውቅ ጥቂት ነው። ተራራው ላይ ወዳለው የአሸተን ማርያም ገዳም ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ የሚያከራይ፣ በቅሎዋንም እየሳበ አብሮ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ነው። ረጅም ነው፤ ንግግር አያበዛም። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ልጓሙን አጠር አድርጎ ይይዝና «አይዞሽ» ይላል። አይዞሽ ያለው በቅሎዋን ይሁን ላይዋ የተቀመጠችውን እንግዳ ማንም ለይቶ አያውቅም። ብቻ ሁለቱም ይረጋጋሉ።

ከሚስቱ ከሰብሌ ጋር ብዙ ዓመት ልጅ ሳያዩ ኖሩ። ተስፋቸው ሊያልቅ ሲል ሰብሌ ፀነሰች፤ ጤና ጣቢያ ስትታይ ደግሞ መንታ ነው አሏት። ሰውአገኝ ያን ዕለት በቅሎውን አስሮ፣ ቤተ ማርያም ገብቶ ሲሰግድ ዋለ።

ምጡ ግን ጊዜውን አልጠበቀም። በፍልሰታ ጾም፣ ጉሙ ተራራውን በሸፈነበት ሰሞን፣ ገና ሁለት ወር ገደማ ሲቀራት ሰብሌን ያዛት። ሰውአገኝ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሳት። እናቷ ወይዘሮ ይማርሽም ከገነተ ማርያም በኩል በዝናብ ተደብድበው፣ እያሳሉ ደረሱ። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

በሩ ተከፈተና ጠና ያለች ነርስ ወጣች። ሲስተር ብርቅዬ ትባላለች።

«የመንታዎቹ አባት ማን ነው?»

ሰውአገኝ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። «እኔ ነኝ፣ ሲስተር። ደኅና ናቸው?»

«ሁለቱም ሴቶች ናቸው። እናትየው ደም ፈሷት ነበር፤ አሁን ቆሞላታል፣ ግን በጣም ደክማለች። ልጆቹ ቀናቸው ሳይደርስ ስለመጡ የራሳቸው ሙቀት የላቸውም። አንደኛዋን እናቷ ደረት ላይ አድርገናታል። ለትንሿ ደረት እንፈልጋለን።»

«ምን አሉኝ?»

«ደረት፣ ወንድሜ። ና፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ከዚያ ሸሚዝህን ታወልቃለህ።»

ሰውአገኝ ሌላ ሰው ታናግር እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። ወይዘሮ ይማርሽ ግን ብድግ አሉ።

«ኧረ በሞቴ! ወንድ ልጅ አራስ ዘንድ ምን ይሠራል? ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ ልቀፋት!»

«እማማ፣ ሲያስሉ ሰምቻለሁ» አለቻቸው ሲስተር ብርቅዬ ዝቅ ብላ። «ጉንፋን የያዘው ሰው እነዚህን ልጆች ለጊዜው መቅረብ የለበትም። ሲሻልዎት ጠግበው ያቅፏቸዋል።»

ወይዘሮ ይማርሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰውአገኝ እጁን መታጠብ የሚችል ይመስለው ነበር። ሲስተሯ በሳሙና እስከ ክርኑ፣ በጥፍሩ ሥር፣ በጣቶቹ መካከል ደግማ ደጋግማ አሳጠበችው። ከዚያ ትራስ አስደግፋ አልጋ ላይ አስቀመጠችውና ልጅቱን አመጣችለት።

ከኮፍያ፣ ከካልሲና ከዳይፐር በቀር ምንም አልለበሰችም። እንግዶቹ ዳገት ሲወጡ ከሚይዙት ትልቁ የውሃ ጠርሙስ አትከብድም። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ ደም ሥሮቿ እንደ ክር ይታያሉ። ሰውአገኝ እጇን አየና፣

«ጥፍር አላት!» አለ። «ሲስተር፣ ይህን ታህል ልጅ ጥፍር አላት!»

«ሁሉ ነገር አላት። የቀራት መወፈር ብቻ ነው» አለችና ደረቱ ላይ በነጠላ አስራ አስተካከለቻት። «ቀጥ ብላ ትሁን፤ አታጋድማት። እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይቀመጡ። ፊቷ ወደ ጎን ይዙር። አገጯ ወደ ደረቷ እንዳይገባ ተጠንቀቅ፤ አንገቷ ከታጠፈ ትንፋሽ ያጥራታል። ነጠላው እስከ ጆሮዋ ይያዛት፣ ሆዷን ግን አያጥብቃት። ይህ አያያዝ ካንጋሮ ይባላል።»

«ካንጋሮ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልጇን ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ይዛ የምትዞር የባሕር ማዶ አውሬ ናት።»

ሰውአገኝ ጥቂት አሰበ። «እንግዲህ ካዳናት አውሬም ልሁን» አለ።

ጋቢው ከላይ ተደረበላቸው። ሲስተሯ ስትሄድ ሰውአገኝ መንቀሳቀስ ፈራ፤ ምራቁን መዋጥ እንኳ ፈራ። መጀመሪያ የተሰማው ብርዷ ነው። እግሮቿ ከሆዱ ላይ እንደ ጠዋት ጠጠር ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከራሱ ልብ አጠገብ፣ ከእሱ በእጥፍ የሚፈጥን ልብ ይመታ ጀመር። ሰውአገኝ ዐይኑን ጨፈነ። ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ቅዳሴ አስቀድሷል፤ ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት ቆሞ ነግቶበታል። እንደዚያ ሰዓት ያለ ፍርሃትና ደስታ ግን አያውቅም ነበር። ቆይቶ እጁን አስገብቶ እግሯን ሲነካው ሞቋል። እንባው በጉንጩ ወርዶ ኮፍያዋ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቱን አዞረ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰብሌ ትልቋን ይዛ አንቀላፍታለች፤ ሰውአገኝ በአጠገቧ ባለው አልጋ ላይ ተደግፏል። በድንገት ደረቱ ላይ የሚወጣው የሚወርደው ትንሽ እንቅስቃሴ ቆመ። ጠበቀ። የለም።

«ሲስተር!» ብሎ ጮኸ። እየጮኸም፣ እንዳስተማረችው በሁለት ጣቱ ጀርባዋን ከላይ ወደ ታች አሸት አሸት አደረገው። ልጅቱ አንዴ ሰውነቷን ነቅነቅ አደረገችና አየር ሳበች። ሲስተር ብርቅዬ እየሮጠች ስትገባ የልጅቱ ትንፋሽ ተመልሷል። መረመረቻትና ልብ ምቷን አዳመጠች።

«ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱ መተንፈስ ይረሳሉ» አለችው። «ደረትህ ላይ ስትሆን የአንተን ትንፋሽ እየሰማች ታስታውሳለች። ደግመህ እንደዚህ ካየህ ጥራኝ፤ አትፈር።»

ሰብሌ ነቅታ ሁሉን ሰምታለች። እጇን ከአልጋዋ ዘረጋችለት፤ ጣቷን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሰውአገኝ ልጁን በዐይኑ ብቻ አልጠበቃትም፤ በቆዳው መጠበቅ ተማረ።

ወተቱ ሌላ ጭንቀት ነበር። ትንሿ ለመጥባት አቅም የላትም። ሰብሌ ጡቷን በእጇ እያለበች በትንሽ ኩባያ ታጠራቅማለች። መጀመሪያ የወጣው ወፍራምና ቢጫ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ ሆነባትና አለቀሰች።

«ይቺ ለማን ትደርሳለች?»

«እንገሩ ነው» አለቻት ሲስተር። «አንዷም ጠብታ አትደፋ። ሆዳቸው የሚይዘው ይህችኑ ነው፤ ከበሽታ የሚጠብቃቸውም እሱ ነው።»

ኩባያውን ከታችኛው ከንፈሯ ጋር ማስነካት እንጂ አፏ ውስጥ መገልበጥ እንደማይገባ አሳየቻቸው። ልጅቱ ምላሷን አውጥታ እንደ ድመት ግልገል ላሰች። አንድ ጠብታ። ሌላ ጠብታ። ሰውአገኝና ሰብሌ ግንባራቸው እስኪነካካ ጎንበስ ብለው አዩአት። ማንም ሳያስተምራት ይህን ከየት አወቀችው? ሁለቱም ያንኑ እያሰቡ እንደነበር የተነጋገሩት በኋላ ነው።

ሳሉ የለቀቃቸው ወይዘሮ ይማርሽ በመጨረሻ ሲገቡ፣ ከመቀነታቸው ሥር በትንሽ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ ይዘው ነበር።

«ትንሽ ላስልሳቸው፤ አንጀታቸው ይለስልስ። እናንተንም እንዲሁ ነው ያሳደግናችሁ።»

ሰብሌ ተጨንቃ ባሏን አየችው። ሰውአገኝ ተነሥቶ እጅ ነሣና በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

«እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ፣ ውሃም ቢሆን እንዳይቀምሱ ተብለናል። ቅቤውን ሰብሌ በገንፎ ትብላው። በእሷ በኩል ወተት ሆኖ ይደርሳቸዋል።»

ወይዘሮ ይማርሽ ወደ ሰብሌ ዞሩ። «በእናታቸው በኩል ከሆነማ ጥሩ ነው» አሉ። ገንፎውን ያን ዕለት ራሳቸው አገነፉ።

ልጆቹ መጥባት ሲጀምሩና ክብደታቸው ሲጨምር ወደ ቤት ተሸኙ። ሲስተር ብርቅዬ በሩ ላይ ቆማ፣ ጡት እምቢ ካሉ፣ ሲተነፍሱ የጎድናቸው ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሰውነታቸው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፋቸው ቢጫ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመልሷቸው ነገረቻቸው። ሁለቱንም አስደገመቻቸው።

ቤት ከተገባ በኋላ ሥርዓቱን አጥብቀው የያዙት ወይዘሮ ይማርሽ ሆኑ። ምድጃውን ከቤት አስወጥተው ጓሮ አስጣሉት፤ ጭሱ ለሕፃን አይሆንም። እትብታቸው ላይ ቅቤም ቅጠልም እንዲነካ አልፈቀዱም፤ ደርቆ በራሱ እስኪወድቅ ጠበቁ። ገላቸውን በእርጥብ ጨርቅ ቦታ ቦታውን ይጠርጉና ወዲያው ያደርቋቸዋል። ደጃፉ ላይ ማስታጠቢያና ሳሙና አስቀምጠው ጠያቂን ሁሉ ያስታጥባሉ፤ የሚያስነጥስ ሰው ከመጣ ከውጭ መርቆ ይሄዳል።

የሰውአገኝ የሥራ ባልደረባ ያሲር፣ በቅሎዋን ሲጠብቅለት የከረመ ሰው፣ አንድ ቀን ሊጠይቅ መጣ። ሰውአገኝ በጋቢ ተጀቡኖ ደጅ ፀሐይ ይሞቃል።

«ምነው ሆድህ? በክረምት ሥራ ፈትተህ ቦርጭ አወጣህ?» ብሎ ሳቀበት።

ሰውአገኝ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ቡጢ የምታህል ራስ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገች፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ያሲር ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ማሻ አላህ» አለ በሹክሹክታ። «ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች» አለ ሰውአገኝ።

ሁለቱ ወንዶች ቆመው አዩአት። ያሲር በኋላ ሰፈሩ ውስጥ በሰውአገኝ የሚቀልድ ሲያጋጥመው፣ «ሂድና እይ፤ ከዚያ ትስቃለህ» ይል ነበር። ሄደው ያዩም አሉ። ሲመለሱ የሳቀ የለም።

ሰማንያ ቀናቸው ደርሶ ክርስትና ሲነሡ ታላቋ ማኅሌት፣ ታናሿ ማርያማዊት ተብለዋል። ማርያማዊት ጉንጯ ሞልቷል፤ አንገቷ ሥር እጥፋት አውጥታለች። ሰውአገኝ ግን ከልማዱ አልተላቀቀም፤ ከሥራ ሲመለስ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ደረቱ ላይ ያስራታል።

አንድ ቀን ከክርስትናው በኋላ እንደ ወትሮው ሲያስራት ማርያማዊት ተቆጣች። እጇን ከነጠላው አውጥታ ገፋችው። መልሶ አስገባው። በሁለት እግሯ ሆዱን ረግጣ ሽቅብ ተፈናጠረች፤ ኮፍያዋ ወደቀ። ሰውአገኝ የርግጫዋ ጉልበት አስደንግጦት አያት።

«ሰብሌ፣ ነይ እዪ! አባረረችኝ!»

ሰብሌ ከት ብላ ሳቀች። «ሙቀቷን ራሷ ይዛለች ማለት ነው። አስተኛት፤ በጀርባዋ።»

ከእኅቷ ጎን በጀርባዋ አስተኛት። ፊቷ አጠገብ የነበረውን ልብስ አነሣና ደረቱን ሳይሸፍን እዚያው ቆመ። ማርያማዊት እግሯን እያወራጨች ጣሪያውን ስታይ ቆየችና ድምፁን ስትሰማ ዐይኗን ወደ እሱ አዞረች። አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ፈገግ አለች። ሰውአገኝ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።