ሦስተኛው «በሞቴ»

በልብስ ስፌት ድርጅቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ግዴለም» ናት። ወንበሯን ቢወስዱባት ግዴለም፣ ሻይዋ ቀዝቅዞ ቢመጣ ግዴለም፣ የሌላ ሰው ጥፋት በእሷ ቢላከክ፣ እሱም ግዴለም! ሃያ ስድስት ዓመት የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስትጠልፍ ኖራለች። ጣቶቿ መርፌውን ሳታየው ያገኙታል፤ አፏ ግን የሚፈልገውን ቃል ቀን በፋኖስ ቢፈልግም አያገኝም።

ያን ሳምንት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ ሰነበተች። ሦስት ቃል ብቻ፦ «እኔ ከቤቱ አልወጣም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ከሞተች ዓመት ሞልቷል። አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመቻት፣ አገላብጣ ያጠበቻት፣ ሌሊት ስትቃትት ተነስታ ትራሷን ያስተካከለችላት እሷ ናት። ቤቱ ግን የሦስት ልጆች ነው፤ የእሷ፣ እንዲሁም «እታለም» እያሉ የሚጠሯት የመሬት ቀያሹ ወንድሟና የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ታናሽ እህቷ። ለቤቱ ገዢ ተገኝቷል። ሰውየው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት አስቧል። እሷ ካልፈረመች ግን አንዲት ጡብ አትነቀልም። ደግሞ እኮ ቤቱን በሙሉ አልፈለገችውም! የፈለገችው የጓሮዋን ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ የተቀመጠበትን፣ ከሥራ መልስ የሰፈር ሰው ሱሪ የምታሳጥርበትን፣ በዓለም ላይ ማንም «ተነሺ» የማይላትን አንድ ክፍል።

ይህን የምታውቀው ጓደኛዋ ተኳሿ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ ከጎኗ የምትቆመው።

«ስሚ አንቺ፣ ሲጠይቁሽ እንዳትሽኮረመሚ።»

«ኧረ የእኔ እህትና ወንድም ደጎች ናቸው።»

«ደግ ሰውም ሲርበው ይበላል። በይ እስቲ እንለማመድ። እታለም፣ ቤቱ ይሸጥ?»

«እንግዲህ… እናንተ ካላችሁ…»

«ወይ ጉድ! ምላስሽን በዚህ ካውያ ልተኩስልሽ እንዴ?»

እሑድ ለምሳ ተቀጣጠሩ። ቦታውን የመረጠችው ታናሽየዋ ናት፦ የሩቅ ምሥራቅን ምግብ ከሌላው ዓለም ምግብ ጋር አጋብቶ የሚያቀርብ፣ የወረቀት ፋኖስ የተንጠለጠለበት፣ ሙዚቃው ወሬ የማያስደምጥ ቤት። ጋብቻው ያለ ሽማግሌ የተፈጸመ ይመስላል። ኑድሉ ቺዝ ለብሶ መጣ፤ ጥሬው ዓሣ ማንጎ ተሸክሞ ተከተለው፤ ዶሮዋ ደግሞ በማርና በሚጥሚጣ መካከል ተጨንቃ ቀረበች። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር መስተዋት አለው፤ ሁሉም የፈለገውን ወደ ራሱ እያዞረ ይወስዳል። እታለም ግን ወደ እነሱ ብቻ ነበር የምታዞረው።

«ይህን ሁለት እንጨት ምን ላድርገው?» አለ ቀያሹ፣ ቾፕስቲኩን እንደ ቴርሞሜትር ይዞ።

«ለእታለም ስጣት፤ ሹራብ ትጀምርበታለች!» አለች ታናሽየዋ።

ሦስቱም እስኪያስነባቸው ሳቁ። አብረው እንዲህ ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

በእናታቸው ቤት ግብዣ ሕግ ነበረው። መጀመሪያ «ብዪ» ሲሉሽ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ሁለተኛ ሲሉሽ «ኧረ አልችልም» ትያለሽ። ሦስተኛ «በሞቴ!» ሲሉሽ ያን ጊዜ እጅሽን ትዘረጊያለሽ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሆዳም ነው፤ ሦስተኛውን ሳይል የተወ ጋባዥ ደግሞ ንፉግ። እታለም በዚህ ሕግ ተወልዳ በዚህ ሕግ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሞላት።

አስተናጋጇ ግን ሌላ ቤት ያደገች ናት። «ጨረሱ? ላንሳው?» አለቻት።

«እ… ይበቃኛል» አለች እታለም፣ ሥጋ ከተጠቀለለባቸው ሦስት የሊጥ ዳምፕሊንጎች ገና አንዱን ብቻ ቀምሳ።

አስተናጋጇ እውነቷን ነው ብላ ሳህኑን አነሳች። የቀሩት ሁለቱ እንደ ጨሱ ሄዱ። የእታለም ዓይን እስከ ወጥ ቤቱ በር ሸኛቸው።

ያን ጊዜ ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ።

«እታለም፣ ነገሩን ታውቂዋለሽ። የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ቤቱ ውስጥ መኖር ከፈለግሽ፣ ይኸው በእህታችን ፊት እንቀደዋለን። ትፈልጊያለሽ?»

ሦስቱ ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ግን ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ነው!

«ኧረ እናንተ ከተስማማችሁ፣ ለእኔ አታስቡ» አለች።

ቀያሹ እንጨቶቹን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነሽ? ኋላ ቅር እንዳይልሽ።»

ሁለተኛው።

«ምን ቅር ይለኛል! ለአንድ ሰው ያ ሁሉ ቤት ምን ያደርግለታል?» አለችና ጀርባዋን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ሦስተኛውን ጠበቀች።

«አላልኩህም?» ብላ ታናሽየዋ አጨበጨበች። «እታለም እኮ ወርቅ ናት! አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣህ፤ በከንቱ!» ተነስታ ጉንጯን ሳመቻት። ቀያሹም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ፊቱ እንዲያ ፈክቶ አያውቅም። ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ አስቀምጦ አዞረው፤ ወረቀቱና እስክሪብቶው በኑድሉና በዓሣው መሃል ቀስ ብለው ተጉዘው ፊቷ ቆሙ።

አሁን «አይሆንም» ማለት ከሰው አፍ መንጠቅ መሰላት። ፈረመች። ያውም በሚያምር ጽሕፈት።

ወንድሟ መኪናውን ሊያመጣ ወጣ። እታለም የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ፣ እህቷን ሳታያት፣ «እኔ እኮ ከቤቱ መውጣት አልፈልግም ነበር» አለች።

«ምን?»

«የጓሮዋን ክፍል ብቻ።»

«እንዴ እታለም! ሁለቴ ተጠየቅሽ እኮ!»

«አዎ። ሁለቴ።»

ታናሽየዋ ያን ጊዜ ገባት። አፏን በእጇ ያዘች። «ያ እኮ ለምግብ ነው!» አለች። «ያ ለምግብ ነው፣ እታለም፤ ይሄ ቤት እኮ ነው!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልንገረው?»

በመስኮቱ ቀያሹ ይታያል፤ መኪናውን አቁሞ፣ በስልክ የሆነ ሰው እያነጋገረ ይስቃል።

«ተዪው። ደስ ብሎታል» አለች እታለም።

እህቷ አፍንጫዋን በወረቀት ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። አልነገረችውም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ተዪው ስለተባለች ነው፤ መተዉም ቀሎ ተገኘ።

ቅዳሜ የጭነት መኪና መጣ። የእህቷ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ የእታለም አልጋ በደረጃው አልዞር ብሎ ታች ቀረ፤ የጥበቃው ሰው ወሰደው። ከእህቷ ልጆች ተደራራቢ አልጋ የታችኛውን ሰጧት። የስፌት መኪናዋን እህቷ ራሷ አቅፋ አወጣችላት። ሳሎኑ መሃል ቆማ ግራ ቀኙን አየችና በረንዳ ላይ አስቀምጣ ላስቲክ አለበሰችው። «የታችኛው ጎረቤት ድምፅ አይወድም። ለጊዜው ነው» አለች።

ሥራ ቦታ ተኳሿ ፊቷን አየችና የምትተኩሰው ሸሚዝ ላይ ደጋግማ ውሃ አርከፈከፈች። ቤቱ በሦስተኛው ሳምንት ፈረሰ።

በሁለተኛው ወር በላስቲኩ ሥር ዝናብ ገባ። አንድ እሑድ ልጆቹ ሳይነሱ እታለም በረንዳ ወጥታ የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጇ ልታዞር ሞከረች። ግማሽ ዙር ሄደና ቆመ። ላስቲኩን መልሳ አለበሰችው፤ አራቱንም ጫፍ በድንጋይ ያዘችው።