አምስት ግማሽ ድምፅ

አዲስ ኪቦርድ ፍለጋ ስነሳ የምፈልገውን በደንብ አውቅ ነበር። ከምፈልጋቸው ነገሮች ዋናውን ግን ለማንም መናገር አልችልም ነበር።

ሌሎቹን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እዘረዝር ነበር። በሚኒባስ ይዤው ስለምዞር ክብደቱ ከአሥር ኪሎ እንዳያልፍ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቶሎ እንዲነሳ። የክራርና የማሲንቆ ድምፅ፣ የችክችካና የኦሮምኛ ምት ከፍላሽ እንዲቀበል። ለጣት ምቾት ግድ የለኝም፤ ያለ አስተማሪ፣ ግማሹ በማይሠራ ኪቦርድ ስለተማርኩ ጣቴ የሰጡትን ይለምዳል። አዲስ ለመግዛት አቅም ስላልነበረኝም ያገለገለ ነበር የማፈላልገው።

ያልተናገርኩት ስለ አንዲት ቁልፍ ነው። ትራንስፖዝ እንላታለን። የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ በግማሽ ድምፅ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ወይም ከፍ ታደርጋለች፤ ጣት የለመደውን ይጫወታል፣ የሚሰማው ግን ዝቅ ብሎ ነው። ያቺ ቁልፍ በግራ በኩል መሆን ነበረባት፤ ሳላያት በአውራ ጣቴ የማገኛት፣ ስትነካም ድምፅ የማትቆርጥ።

ምክንያቱ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው የሰበታ ሰው፣ ስልሳን ያለፉ የሰርግ ዘፋኝ ናቸው። በሥራ ቀን እህል ቤት ውስጥ ይመዝናሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ይዘፍናሉ። እኔ የቡራዩ ልጅ ነኝ። ከስልክ እያየሁ የለቃቀምኩትን አንድ ሰርግ ላይ ስጫወት ሰምተው፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው አሉኝ፤ እሺ ማለቴንም አልጠበቁም። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘፋኝ አየር እስኪስብ መጠበቅን ከእሳቸው ተማርኩ።

አንድ ቀን ተጂ ከተማ በሠራነው ሰርግ ላይ፣ መክፈቻ ዘፈናቸው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ሰዉ ስሜት የያዛቸው መስሎት አጨበጨበ። እሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ስንመለስም እስከ ሰበታ ድረስ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልነግራቸው አንድ ግማሽ ድምፅ አወረድኩ። ያቺን ቦታ አለፏት። ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ዛሬ ጉሮሮዬ ተከፍቶልኛል፣ አየህ?» አሉኝ። አየሁ አልኳቸው።

በዓመቱ ሌላ ጨመርኩ። ከዚያ ሌላ። የኪቦርዴ ስክሪን ቀድሞውኑ ጠፍቶ ስለነበር ቁጥሩን የሚያይ ሰው አልነበረም። ጭማሪው ትንሽ በትንሽ ስለሆነ ጆሯቸውም አልነገራቸውም። ስድስተኛው ዓመት ላይ አምስት ደርሼ ነበር። እሳቸው ግን እኩዮቻቸው ሁሉ ድምፃቸው ሲያልቅ የእሳቸው እዚያው በነበረበት እንደቆመ ያምኑ ነበር፤ በየሰርጉም ያወሩታል። ደስ ብሏቸው ሲያወሩ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

ከእኛ ጋር የኦሮምኛውን ዘፈን የሚጫወቱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የጋሼ የልጅነት ጓደኛ። ሰዉ ሁሉ ኦቦ ብሎ ስለሚጠራቸው እኔም ኦቦ እላቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሰበታ ላይ፣ ሰርገኛው ተቀምጦ ሙሽሮቹን ሲጠብቅ ድምፅ እየሞከርን ነበር። ኦቦ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ሁለት ያህል ዝቅ እንዳደርግላቸው፣ ጉሮሯቸው እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገሩኝ። ምንም አላፈሩም፤ ወንበር አቀብለኝ እንደሚባለው ነው ያሉኝ። ጋሼ ሰሙ። ማይኩ እጃቸው ላይ እንዳለ፣ «ሰውዬ፣ ከዚህ በላይ ከወረድክ ጉድጓድ ልናስቆፍርልህ ነው። እኔን እይ፣ እዚያው ነኝ» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ኦቦም ሳቁ። የእኔ አውራ ጣት ያን ጊዜ ቁልፏ ላይ ነበረች፤ ጋሼን ሦስት አውርጃቸው ነበር። ለኦቦም ያሉኝን ሁለት አወረድኩላቸው። ሁለት ዘፈን ተጫውተው ወረዱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጉልበቴን ያመኛል እያሉ ቀሩ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ድንኳን ሾልኮ የገባ ዝናብ ኪቦርዴን ገደለው። ሱሉልታ ለያዝነው ሰርግ የቀረን ሁለት ሳምንት ነበር። ቡራዩ ውስጥ ያገለገለ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ቤት አውቃለሁ። ብቻዬን ልሄድ ብል ጋሼ አሻፈረኝ አሉ፤ የሚዘፍንበት ሰው ሳይሰማው ዕቃ አይገዛም ብለው በሁለት ታክሲ መጡ። ለመድረክ የሚለብሷትን ኮት ለብሰው ነበር።

ሻጩ ሦስት ኪቦርድ አወጣልን። ትልቁ ሁሉ ነገሩ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ትራንስፖዙን ለማግኘት ሁለት ገጽ ማለፍ ያስፈልጋል። ተውኩት። ሁለተኛው ቀላል ነበር፤ ቁልፏ ስትነካ ግን ድምፁ ለአፍታ ይቆረጣል። ሦስተኛው ጥጉ የተፋቀ፣ ያረጀ ነበር። ግራ እጄን ሳሳርፍ ቁልፏ አውራ ጣቴ ስር ገባች። ነካካኋት፤ ድምፁ አልተቆረጠም። ስክሪኑ ይበራል እንጂ ትንሽ ነው፣ በፕላስተር መሸፈን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። አምስት አወረድኩና ፔዳሉን ልሰካ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል ጋሼ አጠገቤ ቆመው መክፈቻውን እንድመታላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ጀመርኩ። ገና በመጀመሪያው ድምፅ ወደ ላይ መውጣቱን አወቅሁ። ጎንበስ ባልኩበት ሰዓት ሻጩ ቁጥሩን አይቶ ወደ ዜሮ መልሶት ነበር። ማቆም እችል ነበር። አዳፕተሩ ላልቷል ብል ያምኑኝ ነበር። ምናልባት ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይደርሱ ይሆናል የሚል ሐሳብ ግን መጣብኝና ቀጠልኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡበት። ዝቅተኛውን ክፍል አንገታቸውን እያስረዘሙ አለፉት። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ተጂ ላይ እንደሆነው እንኳን አልተሰነጠቀም፤ ጭራሽ አልወጣም። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«ብርድ ነው» አሉ። «ድገመው።»

ደገምኩት። ያው ሆነ።

ሻጩ ሊረዳን ፈልጎ፣ «ፋዘር፣ አምስት ወርዶ አግኝቼው እኔ ነኝ የመለስኩት። የነካካው ደንበኛ መሆን አለበት። ከከበደዎት ላውርደው?» አላቸው።

ጋሼ ሻጩን አላዩትም። እኔን አዩኝ። ከዚያ ግድግዳው ሥር የቆመ ስፒከር ላይ ተቀመጡ።

«አምስት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከተጂ ጀምሮ?»

«ከተጂ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው የጀመርኩት።»

ሻጩ ነገሩ ሳይገባው ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ጋሼ የኮታቸውን ቁልፍ ሲቆልፉና ሲፈቱ ቆዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔን ማገዝህ አይከፋኝም» አሉ። «በጓደኛዬ ስስቅበት ግን አጠገቤ ነበርክ።»

ኪቦርዱን ግዛው፣ እንጀራህ ነው ብለው ተነሱ። ገዛሁት። ከሱቁ ስንወጣ ወደ ቤትህ ሂድ አላሉኝም፤ እኔም ኪቦርዱን አዝዬ ተከተልኳቸው። ሰበታ ስንወርድ በቀጥታ ወደ ኦቦ ግቢ መሩኝ።

ኦቦ የጎመን መደባቸውን እየኮተኮቱ ነበር። አካም ጅርታ ተባባሉ። ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ ሁሉንም ነገሯቸው። ኦቦ መኮትኮቻውን ተደግፈው ሰሙና እኔን አዩኝ።

«ስንት ነው ያወረድክለት?»

«አምስት።»

«እኔ ሁለት ነበር የጠየቅኩህ» አሉና ትንሽ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

ጋሼ ለሱሉልታው ሰርግ አብረው እንዲዘፍኑ ለመኗቸው። ሁለታችንም እንውረድ፣ ልጁ የምንችልበት ቦታ ያድርግልን፣ ማንም የሳቀ ይሳቅ አሏቸው። ሰው ሲለምኑ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ኦቦ ሦስት ዓመት አፋቸውን ለዘፈን እንዳልከፈቱ፣ ሰርግ ቤት አጠገብ ሲያልፉም መንገድ እንደሚቀይሩ ነገሩን። ግን እንቢ አላሉም። ኪቦርዱን በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አግጥሜ አስቀመጥኩና ከቤት ውስጥ ሶኬት ገመድ ሳብኩ።

ሁለት አወረድኩ። ኦቦ አንድ ስንኝ ሞከሩ፤ ድምፁ ሳይሆን ትንፋሹ ብቻ ወጣ። አራት አወረድኩ። ስድስት። ጋሼ ከጎናቸው ቆመው ቃሉን በሹክሹክታ ይቀበሏቸዋል። ሰባት ላይ አንዲት ድምፅ የወጣች መሰለች፤ ወዲያው ሳል አቋረጣት። ከዚያ በታች ኪቦርዱ ራሱ የክራር ድምፅ መሆኑን ይተዋል። ኦቦ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አድርገው አስቆሙኝ።

«ተወው፣ ልጄ። አልተቀየምኩህም፤ እሱንም አልተቀየምኩትም። ያኔ ዝቅ አድርጌ ብቀጥል ኖሮ ድምፄ ዛሬም ይኖር ነበር። ድምፅ ከተዉት ይሄዳል።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ጎመኑ አዞሩ።

በሚኒባስ ፌርማታው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥለውም ለሱሉልታው ሌላ ዘፋኝ ፈልግ አሉኝ። በአምስትም በስድስትም ዝቅ ብለን እንሥራ፣ አሁን የምንደብቀው የለም ብዬ ለመንኳቸው። «እሱን ከከለከልኩት በኋላ እኔ ዝቅ ብዬ ልዝፈን?» አሉ። ሚኒባሱ መጣና ገባሁ።

ሱሉልታ ላይ ንፋሱ ድንኳኑን ሲያርገበግበው ዋለ። ከእኔ ጋር የዘፈነው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ድምፁ ወደፈለገው ይወጣል፤ ምንም ሳልነካለት ጨረሰ። ኪቦርዱ እንከን አልነበረውም። እንደዚያ ቀን ተሳስቼም አላውቅም፤ አየር እስኪስብ እየጠበቅኩት እሱ ሳይስብ ያልፋል።

በማግስቱ ሰበታ ሄድኩ። ጋሼን ቤታቸው አጣኋቸው፤ ኦቦ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ኦቦ ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔም አንድ እቅፍ አንስቼ መቀንጠስ ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ እህል ቤት ስለመጣው አዲስ ሚዛን አወሩ። ማን እንደዘፈነ፣ ምን እንደተዘፈነ ይጠይቁኛል ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። ልሄድ ስነሳ ጋሼ ከጎመኑ ቀና ሳይሉ፣ «ሙሽሮቹ ያምሩ ነበር?» አሉኝ።

ያምሩ ነበር አልኳቸው።