በምርቃና የተቆፈረ ቦይ

በምርቃና ያልቆፈርኩት ጉድጓድ፣ ያልገነባሁት ግንብ የለም። ጭሮ ከተማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መሐንዲስ ነው፤ ከሁሉም የባስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቤታችን ዳገት ሥር ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በጓሮ በኩል መጥቶ የጭቃውን ግድግዳ ይቦረቡራል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የምተኛው እኔ ነኝ። ከውጭ፣ ግድግዳው አጠገብ፣ የእናቴ መደብ አለ፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ አንድ ረድፍ ካሮት። ከጉልበቷ ሕመም ጋር እየተሟገተች በየጠዋቱ ትኮተኩተዋለች። ከቤት ወጥታ የምትውልበት ቦታ ሌላ የላትም።

ከሚያዝያ ጀምሮ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጓሮው በላይ፣ ድንጋያማው ጋ፣ ውሃውን ወደ መንገድ የሚመልስ ቦይ እንድቆፍርላት። የሁለት ጠዋት ሥራ ነው። እኔም በየቀኑ «ነገ፣ ኢንሻ አላህ» አልኳት። በርጫ ላይ ስቀመጥ ቦዩ ያለቀ ያህል ይታየኛል። አንዱ ጓደኛዬ ድንጋይ ይደርደርበት ይላል፣ ሌላው በሲሚንቶ ይለሰን ይላል፣ እኔ እናደዳለሁ፤ በሌለ ቦይ እንጨቃጨቃለን። ጠዋት ስነሳ ግን አፌ ይመረኛል፣ አካፋውን ማየት እንኳ ያስጠላኛል። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ውሃውን ወደኛ የለቀቀውን የላይኛውን ጎረቤት እረግማለሁ።

የዚያን ቀንም ጓደኛዬ ቤት፣ ምንጣፉ ላይ፣ በገራባ፣ ቅጠሉ በተቃመ የጫት እንጨት፣ የቦዩን መስመር እያሳየሁ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃችንን ከፍ አድርገን ቀጠልን። በረዶ ሲጨመርበት ነው የተነሳሁት። ባጃጆቹ ሁሉ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ራሴን እየሰደብኩ በጭቃ ውሃ ውስጥ ሮጥኩ።

ስደርስ ግድግዳው ቆሟል። ውሃው ከግድግዳው ሁለት ክንድ ርቆ፣ በአዲስ ቦይ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ደስ አለኝ፤ ማን ቆፈረው ብዬ ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ መኮትኮቻዋን አልለቀቀችም። እኔ ከምሳ በኋላ ስወጣ ደመናውን አይታ ጀምራዋለች። መደቡ የለም። ቦዩን ያሳለፈችው በመሀሉ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ጥቂት ጎመን ሥሩ ተነቅሎ ተጋድሟል።

ለምን በመደቡ ላይ ብዬ ጮኽኩባት። የምቆጣው ሌላ ሰው አላገኘሁም።

«ድንጋዩን ክንዴ አልቻለውም፣ ልጄ» አለችኝ። «ያለኝ ለስላሳ አፈር እሱ ብቻ ነው። ግባና ልብስህን ቀይር፤ አልጋህ ደረቅ ነው።»